ሲኦል ደረሰ የተባለው ጉድጓድ

ሩሲያውያን ሳይቤሪያ ውስጥ ሲቆፍሩ ሲኦል ደረሱ፤ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ አለፈ፤ ማይክሮፎን ቢያወርዱ የነፍሳት ዋይታ ተቀዳ። «ስሙት» ተብሎ ድምፁ ሳይቀር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል።

ጉድጓዱስ እውነት ነው። ያለው ግን ሳይቤሪያ ሳይሆን ኖርዌይ ድንበር አጠገብ፣ የኮላ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1970 ጀምረው በ1989 12,262 ሜትር አደረሱት። ገደል የሚያህል አፍ የጠበቀ ሰው ያፍራል፤ ስፋቱ 23 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ነው። ዛሬ በፈራረሰ ጣቢያ መሀል በብሎን የታሰረ የዛገ የብረት ክዳን ብቻ ይታያል። ነፍስ ስፋት የላትም ካልተባለ በቀር ሰው አይሾልክበትም።

ሥራውን ካስቆሙት አንዱ በእርግጥ ሙቀት ነው፤ ግን 180 ዲግሪ ብቻ። የተጠበቀው 100 ገደማ ነበር። በዚያ ሙቀትና ግፊት ዓለቱ እየለሰለሰ፣ መሰርሰሪያው ሲወጣ ጉድጓዱ መልሶ ይጠብባል። 15 ኪሎ ሜትር የመድረሱ ዕቅድ በዚሁ ቀረ።

እኔን ከዋይታው ይልቅ የሚገርመኝ የወጣው ድንጋይ ነው። 7 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይገኛል የተባለው ባዛልት የለም፤ በምትኩ የተሰነጣጠቀ፣ ውሃ የቋጠረ ግራናይት ተገኘ። 6 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታት ቅሪተ አካል።

«የምድርን ቅርፊት በሳው» የሚሉም አሉ። አልበሳውም፤ እዚያ አካባቢ የቅርፊቱን ሲሶ ያህል ነው የሄደው። ያ ሁሉ ጥልቀት በአግድም ቢዘረጋ በእግር የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ እስከ መሬት እምብርት ግን 6,371 ኪሎ ሜትር አለ። ቢሆንም ከባሕሮች ሁሉ ጥልቁን፣ 10,935 ሜትር ገደማ የሆነውን የማሪያና ሸለቆ ይበልጣል። ማሪያናም ለምድር እምብርት ቅርቡ ሥፍራ አይደለም። ምድር ወገቧ ላይ ስለምትሰፋ፣ ጥልቀቱ ግማሽ ያህል የሆነው የአርክቲክ ባሕር ወለል ይቀርባል።

የእኛውስ ዳሎል? «የዓለም ዝቅተኛው ሥፍራ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከባሕር ጠለል በታች 125 ሜትር ገደማ ነው፤ ጎረቤታችን ጂቡቲ ያለው አሳል ሐይቅ 155፣ የሙት ባሕር ዳርቻ ደግሞ ከ430 ሜትር በላይ ይወርዳል። ዳሎል ዓለምን የሚመራው በሌላ ነው፦ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው አማካይ ሙቀቱ፣ ሌሊቱም ክረምቱም ተደምሮ፣ 34.6 ዲግሪ ነበር።