የሎሚው ዛፍ እንግዳ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፥ መስኩም አደይ አበባውን ሲለብስ፥ ልጆቻችን ቢራቢሮ ሲያሳድዱ እናያለን። እኛም በልጅነታችን አሳደናል፤ በጣታችን ላይ የሚቀረውንም ባለ ቀለም ትቢያ ምን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ በልብሳችን ጠርገነዋል። ያ ትቢያ የመሰለን ነገር ግን የክንፏ ጌጥ ነበረ። እንደ ጣራ ክዳን እየተደራረበ የተሰደረ እጅግ ጥቃቅን ቅርፊት ሲሆን፥ አንድ ጊዜ ከረገፈ ተመልሶ አይበቅልም።

በዓለም ላይ የሚታወቀው የቢራቢሮ ዓይነት ከ17,000 የሚበልጥ ስለ ሆነ ስለ ሁሉም ለመጻፍ አንደፍርም። ዛሬ የምንናገረው በየግቢያችን በሎሚና በብርቱካን ዛፍ ላይ ስለምትራባው ስለ አንዲቱ ብቻ ነው። መልኳ ጥቁር ሆኖ በቢጫ ነጠብጣብ ያጌጠ ነው፤ በኋለኛው ክንፏም ላይ ዓይን የሚመስል ቀይና ሰማያዊ ምልክት አለባት።

ወደዚህ ነገር የመሩን አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ቀን ከጓሮአቸው የሎሚ ቅርንጫፍ ቈርጠው በሰፌድ አመጡልንና፥ «መምህር፥ እስቲ ይህን ጉድ ይዩልኝ! ልጆቼን ይፈጅብኝ ይሆን? መድኀኒት ልረጭበት ነው» አሉን። በቅርንጫፉ ላይ የሰባ አረንጓዴ ትል ተለጥፎ ነበር። በእንጨት ስንነካው ከራሱ በስተኋላ ሹካ የመሰለ ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ አድርጎ ክፉ ሽታ ለቀቀብን። ጎረቤታችንም አማትበው ወደ ኋላ ሸሹ።

ይህ ቀንድ አይወጋም። ሽታው ጠላትን ማባረሪያ ነው እንጂ ሰውን አይጎዳም፤ ጠጕሩ ሲነካን እንደሚያሳክከን እንደ አባ ጨጓሬም አይደለም። ትሉ ከእንቁላል በወጣ ጊዜ ደግሞ ሌላ መሸሸጊያ ነበረው፤ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የወፍ ኩስ ስለሚመስል ወፎቹ ምግብ ነው ብለው አያስቡትም። ቆዳውን እየገፈፈ ካደገ በኋላ ግን ኩስ መምሰሉ ስለማይበቃው እንደ ቅጠሉ አረንጓዴ ይሆናል።

እናቲቱ ዛፉን የምታውቅበት መንገድ ከሁሉ ይልቅ አስገርሞናል። ቅጠል ላይ ዐርፋ በፊተኛው እግሯ መታ መታ ታደርገዋለች፤ የምትቀምሰው በእግሯ ነውና። ለልጆቿ የሚስማማ ሆኖ ስታገኘው እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። ሎሚ ከእስያ የመጣ ተክል ነው፤ ቢራቢሮዪቱ ግን የአፍሪካ ተወላጅ ስለ ሆነች፥ ሎሚ ከመምጣቱ በፊት እንደ ልምጭ ያለውን የአገር ተክል ትፈልግ ነበር። ልምጭም ሎሚም ጤና አዳምም በዘር አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ጎረቤታችን ያመጡትን ትልና ከዚያው ዛፍ የለቀምናቸውን ሁለት ሌሎች በጠርሙስ አድርገን ለተማሪዎቻችን ወሰድንላቸው። በጥቂት ቀን ውስጥ ሦስቱም መብላት ትተው፥ በቀጭን ክር ራሳቸውን ከእንጨቱ ጋር አስረው፥ ደረቅ ቅጠል የመሰለ ሽፋን ለበሱ። እኛም በዚያ ሰሞን ስለ ትንሣኤ እናስተምር ስለ ነበር፥ «እነሆ ትሉ ሞቶ ተቀብሯል፤ ቢራቢሮ ሆኖ ሲነሣ ታያላችሁ» አልናቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በማለዳ ከአንዱ ሽፋን ቢራቢሮ ወጣች። ክንፏ እርጥብና የተጨማደደ ነበረ፤ ከሰውነቷ የሚገፋው ፈሳሽ እየሞላው ሲዘረጋ ክፍሉ ሁሉ እልል አለ። በማግስቱ ግን ሁለተኛው ሽፋን በመርፌ የተወጋ ያህል ተበሳና በርከት ያሉ ጥቃቅን ተርቦች ተግተልትለው ወጡ። አንድ ልጅ እጁን አንሥቶ፥ «መምህር፥ ከዚህኛውስ ማን ተነሣ?» አለን።

መልስ አልነበረንም። በዚያች ሌሊት መጽሐፎቻችንን ስናገላብጥ ስሕተቱ የትሉ ሳይሆን የእኛ መሆኑን ተረዳን። ትሉ አልሞተም ነበር። በሽፋኑ ውስጥ ልቡ ይመታል፥ ይተነፍሳል፤ ብዙው አካሉ ፈርሶ እንደ ገና ሲሠራ፥ የክንፉ ቡቃያ ግን ገና ትል ሳለ በውስጡ ነበረ። በአሜሪካ በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 እንደ ገለጡት፥ የእሳት እራት ትሎችን አንድን ሽታ እንዲሸሹ ካስተማሯቸው በኋላ፥ ከእነርሱ ብዙዎቹ ክንፍ አውጥተውም ያንኑ ሽታ ሸሽተዋል። ከሽፋኑ የወጣው ያው የገባው ነው ማለት ነው።

ቅዱስ ባስልዮስም በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ሲሰብክ የሐሩን ትል ለትንሣኤ ምሳሌ አድርጎ ጠቅሶታል፤ ነገር ግን ያነሣው መለወጡን ነው እንጂ መሞቱን አይደለም። እኛ ሞትን የጨመርንበት ምሳሌው እንዲያምርልን ብለን ነው። በማግስቱ ይህን ሁሉ ለተማሪዎቹ ነገርናቸው፤ ስተን እንደ ነበረም ሳንደብቅ አስረዳናቸው። ልጁ ግን ስለ ተርቦቹ መጠየቁን አልተወም።

ተርቢቱ እንቁላሏን የምትጥለው በሌላ ፍጥረት ሰውነት ውስጥ ነው፤ ልጆቿም እርሱን በልተው ያድጋሉ። ለማየት ያስከፋል፤ እኛንም አስከፍቶናል። ሆኖም ትሎቹ የሎሚውን ዛፍ እንዳያራቁቱ ከሚጠብቁት ዋነኞቹ እነዚህ ተርቦችና ወፎች ናቸው። መድኀኒት የተረጨ እንደ ሆነ ተርቦቹ አብረው ስለሚያልቁ፥ በኋላ የሚፈለፈለው ትል ጠባቂ የሌለበት ዛፍ ያገኛል። ለጎረቤታችንም የመከርናቸው ይህንኑ ነው፤ ትልቁ ዛፍ ቅጠሉ ቢበላ መልሶ ያቈጠቍጣል፥ ለጋ ችግኝ ግን ሊጎዳ ስለሚችል ትሉን በእጅ መልቀም ይበቃል።

ሦስተኛው ሽፋን ሳይከፈት ደረቀ፤ ምክንያቱን አላወቅንም። ጎረቤታችን መድኀኒቱን ሳይረጩ ቀሩ። ከችግኞቹ ላይ የሚያገኟቸውን ትሎች በቆርቆሮ እየለቀሙ ወደ ትልቁ ዛፍ ያዛውሯቸዋል፤ ቀንዱ ብቅ ሲል ግን አሁንም ያማትባሉ።