አንጀት ውስጥ ዳግም የሚነቃ መድኃኒት

ኬሞቴራፒ ከሚባለው የካንሰር ሕክምና ጋር ተያይዘው የሚመጡት የአፍ መቁሰል፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ለረጅም ጊዜ በአንድ ምክንያት ብቻ ሲብራሩ ኖረዋል። መድኃኒቶቹ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን እያሳደዱ ያጠቃሉ፤ የአንጀት የውስጥ ሽፋንም በየ3 እስከ 5 ቀኑ ራሱን የሚያድስ በመሆኑ ከዕጢው ጋር አብሮ ይመታል። ይህ ማብራሪያ እውነት ቢሆንም አንድ ወሳኝ ባለድርሻን ይዘነጋል፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ግምት መሠረት በአንድ ጎልማሳ ሰው ሰውነት ውስጥ ቁጥሩ 38 ትሪሊዮን ያህል የሚደርሰውና አብዛኛው በትልቁ አንጀት የሚኖረው የባክቴሪያ ሠራዊት ነው።

ይህ ሠራዊት በመድኃኒት ላይ የሚያደርሰው ለውጥ ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው፣ ለትልቁ አንጀት ካንሰር በሚሰጠው ኢሪኖቴካን ላይ ነው። ኢሪኖቴካን ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ኤስኤን-38 ወደተባለ እጅግ ኃይለኛ ውሕድ ይለወጣል፤ ጉበት ደግሞ ይህን ውሕድ ከስኳር ከሚገኝ ግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር አጣብቆ ጉልበቱን ያሳጣውና ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይሸኘዋል። ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ መድኃኒቱ ያለ ጉዳት ከዓይነ ምድር ጋር በወጣ ነበር። ይሁን እንጂ በትልቁ አንጀት ያሉ በርካታ ባክቴሪያዎች ቤታ-ግሉኩሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ስላላቸው፣ ጉበት ያጣበቀውን አሲድ ቆርሰው ለምግብነት ሲወስዱት ኤስኤን-38 እንደገና ነጻ ይወጣል፤ ነጻ የወጣውም መርዝ የአንጀቱን ሽፋን ከውስጥ በኩል ያቃጥላል። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ24 ሰዓት በኋላ የሚጀምረውና አንዳንዴ ሕክምናውን እስከማቋረጥ የሚያደርሰው ተቅማጥ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ባክቴሪያዎቹን ሳይገድል ኢንዛይማቸውን ብቻ የሚያግድ ውሕድ አይጦችን ከዚህ ተቅማጥ እንደሚከላከል አሳይቷል። ባክቴሪያዎቹን በሙሉ በአንቲባዮቲክ መጨረስ ቀላል መፍትሔ ቢመስልም፣ ለአንጀት ሽፋን ሕዋሳት ዋና ማገዶ የሆነውን ቡቲሬትን የሚያመርቱትም ከእነዚሁ መካከል ስለሆኑ ጉዳቱ ሊያይል ይችላል።

የባክቴሪያዎቹ ጣልቃ ገብነት እስከ ሞት እንደሚያደርስ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1993 በመራራ መንገድ ተረድታለች። ፍሎሮዩራሲልን የመሰሉ የካንሰር መድኃኒቶችን በመውሰድ ላይ ለነበሩ ሰዎች ሶሪቩዲን የተባለ የአልማዝ ባለጭራ መድኃኒት ተጨምሮ ሲታዘዝ፣ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሶሪቩዲንን ወደ ሌላ ውሕድ ለወጡት፤ ይህ ውሕድ ፍሎሮዩራሲልን የሚያፈርሰውን የጉበት ኢንዛይም ሥራ ስላስቆመ የካንሰሩ መድኃኒት በደም ውስጥ ተከማችቶ ከ10 በላይ ሕሙማንን ገደለ።

የመድኃኒቶች እንዲህ መጋጨት ለእኛም ሩቅ አይደለም። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በአቀስታም ሆነ በመካነ ሰላም የሚኖር የካንሰር ሕመምተኛ ኬሞቴራፒውን የሚያገኘው ወደ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጉዞ ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ በ21 ቀን ዙር ስለሚሰጥና የአንጀት ጉዳት የሚከሰተው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከቀናት በኋላ ስለሆነ፣ ተቅማጡ ሕመምተኛውን የሚያገኘው ከሐኪሙ ርቆ ቤቱ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ለችግሩ መልስ የሚፈለገው በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ወይም ከመድኃኒት ቤት ሲሆን፣ ተቅማጥ በአገሪቱ በአብዛኛው ከአሜባና ከጃርዲያ ጋር ስለሚያያዝ ሜትሮኒዳዞል ሊታዘዝ ይችላል። ሜትሮኒዳዞል ደግሞ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩትን የአንጀት ባክቴሪያዎች ከመፍጀቱም በላይ ፍሎሮዩራሲል ከደም የሚወገድበትን ፍጥነት ቀንሶ መርዛማነቱን እንደሚያባብስ የታወቀ ነው። ካፔሲታቢን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒትም ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ፍሎሮዩራሲል የሚለወጥ በመሆኑ ያው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እንግዲህ የኬሞቴራፒ ካርዱን ሳያሳይ ወይም ሳይጠየቅ ለአሜባ የታከመ ሰው በሽታው ባሰበት ሲባል ምክንያቱ ካንሰሩ ላይሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ከ7 እስከ 14 ቀናት ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ ስለሚያንሱ፣ የተጎዳውን የአንጀት ግድግዳ አልፈው ወደ ደም የሚገቡ ባክቴሪያዎችን የሚመክት ኃይል ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ተቅማጥ ከትኩሳት ጋር ከመጣ በቤት የሚጠበቅ ሳይሆን በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ድንገተኛ ሕመም ነው። ትኩሳት የሌለበትን ተቅማጥ ግን የወጣውን ፈሳሽ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በሚባለው ኦ.አር.ኤስ እየተኩ፣ ሐኪም ሲያዝም ሎፔራማይድ እየሰጡ መቆጣጠር ይቻላል።

ጠቃሚ ባክቴሪያ የያዙ ዝግጅቶችን በተመለከተ ምርምሩ ገና አልጠራም፤ በዳሌ አካባቢ ጨረርና ኬሞቴራፒ በአንድነት ለሚወስዱ ሕሙማን ላክቶባሲለስ የተባለው ወገን ተቅማጥን ሊቀንስ እንደሚችል ቢነገርም፣ ነጭ የደም ሕዋሱ ያሽቆለቆለ ሰው ሕያው ባክቴሪያ መውሰዱ ራሱ አደጋ አለው። ስለዚህ ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ፣ በደህናው ጊዜ የቱንም ያህል ቢመሰገን፣ በእነዚህ ሳምንታት አይመከርም። እንጀራም በእርሾ ቢቦካም ምጣድ ላይ ከበሰለ በኋላ ሕያው ባክቴሪያ ስለማይቀርበት በዚህ ረገድ አያሰጋም፤ አይፈውስምም። የደጋው ገብስ ግን ቤታ-ግሉካን በተባለው ሟሚ አሰር የበለጸገ በመሆኑ ባክቴሪያዎቹ አብላልተው ቡቲሬትንና መሰል ውሕዶችን ያመርቱበታል፤ ሆዱ በተቅማጥ ለተጎዳ ሰው ሸካራውን ቆሎ ትቶ በቅጡ የተነፋ የገብስ ዱቄት ያለ በርበሬ በአጥሚት መልክ ቀጠን አድርጎ መስጠት ይቀላል።