የፋሲልን ግንብ ማን ሠራው?

ከደባርቅ ተነሥተን በዳባት በኩል ወደ ጎንደር የምንወርድበት መንገድ የጥንት የንግድ መንገድ ነው። ከምፅዋ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ ተከዜን ተሻግሮ፥ ሊማሊሞን ወጥቶ፥ በወገራ አድርጎ ጎንደር ይገባ ነበር። የሕንድ ጨርቅም የመጣው፥ በ1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም የተጓዘው በዚሁ ነው።

ጎንደር ደርሰን ግንቡን ስናይ ከመካከላችን አንዱ «ይህማ የፖርቱጋሎች ሥራ ነው» ማለቱ አይቀርም። እስቲ ነገሩን እንመርምረው። አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው፤ የኢየሱሳውያንን ሚሲዮኖች ካገር ያስወጡት ግን ከዚያ አስቀድመው ነው። በ1640 ዓ.ም. ግንቡን በዓይኑ ያየው የየመን ኢማም መልእክተኛ አል ሐይሚም ዋናው ግንበኛ ሕንዳዊ መሆኑን ጽፏል። በዚያው ዓመት በደልሂ የሻህ ጀሃን ቀይ ምሽግ ተፈጸመ።

በኖራውም ነገር የሕንድ እጅ አለበት። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አንድ ከሕንድ የመጣ ባለሙያ፥ በጉጃራት ኖራ የሚቃጠልበትን የመሰለ፥ ነቀዝ የበላው የሚመስል ቀላል ድንጋይ እዚህ አገኘ። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ከድንጋይ በኖራ መያያዝ ጀመረ።

እንግዲያስ ግንቡ የሕንድ ነውን? አይደለም እንላለን። አንድ ዋና ግንበኛ ብቻውን ያን ጥቁር ድንጋይ ጠርቦ፥ ኖራውን አቃጥሎ፥ በአራቱ ማዕዘን አራት ክብ ማማዎች ሊያቆም አይችልም። ደግሞም አፄ ኢያሱ፥ አፄ ዳዊት፥ አፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ከ100 ዓመት በላይ በዚያው ባለ 900 ሜትር ቅጥር ውስጥ እየተከታተሉ ሠርተዋል። ሙያው የአገር ሙያ ሆኗል ማለት ነው። ከጎንደር ግንበኞችና አናጢዎች ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ ወገኖቻቸውም በወገራና በስሜን ይኖሩ ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. እጅግ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል።

ሙያ ሲረሳ ምን እንደሚሆን ግንቡ ራሱ ይመሰክራል። ኢጣልያኖች በወረራው ጊዜ በሲሚንቶ ጠገኑት፤ ኋላ ግን ሲሚንቶው እየተነቀለ እንደ ጥንቱ በኖራ መተካት ነበረበት።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ በክረምቱ ዕረፍት ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ስንመለስ ሽማግሌዎቹን ስለ ኖራ አቃጣጠልና ስለ ድንጋይ አጠራረብ እንጠይቅ፤ የሚነግሩንንም እንጻፍ። የንጉሡ ስም ተጽፏል፤ የዋናው ግንበኛ አገርም ተጽፏል። የጠራቢዎቹን ሙያ መጻፍ የቀረው ለእኛ ነው።