ላቤማ ጠብ ጠብ ይላል

ወይዘሮዋ ወደ ማከሚያ ክፍሌ ሲገቡ በእጃቸው የያዙትን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከውስጡ አራት ላይ የታጠፈ ጥቁር የላስቲክ ቱታ አወጡ። ስፖርት የሚሠሩበትን ልብስ ሊያሳዩኝ ይዘውት መምጣታቸው ነው። 58 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርም ግፊትም አለባቸው። ከዓመት በፊት ለጉልበታቸው ሕመም እኔው ዘንድ መጥተው፣ መገጣጠሚያው ክፉኛ እንዳልተጎዳ ነግሬ፣ «ቤትዎ እንቅስቃሴ ይሥሩ» ብዬ ሸኝቻቸው ነበር። ቃሌን አክብረዋል። ሰባት ወር ሙሉ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ማለዳ ተነስተው፣ መስኮት ዘግተው፣ ቱታውን ለብሰው፣ ወገባቸውን በሌላ ላስቲክ ጠምጥመው ቴሌቪዥን ፊት እጃቸውን ሲያወናጭፉ ከርመዋል።

ጉልበታቸው ግን ብሶበታል።

«እናቴ፣ እስቲ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ከዚህ ወንበር ይነሱልኝ» አልኳቸው። ከወለል 43 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ተራ ወንበር ነው። ወደ ፊት አዘነበሉ፣ ትንሽ ከፍ አሉ፣ ተመልሰው ዘጭ አሉ። ደግመው ሞከሩ። በሦስተኛው እጃቸውን አውርደው ጭናቸውን ተደግፈው ተነሱ። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ላቤማ ጠብ ጠብ ይላል እኮ» አሉኝ።

ቆየት ብለን ስንጫወት እንደነገሩኝ ቡና ማፍላት ከተዉ ከርመዋል። በርጩማው ላይ ከተቀመጡ የሚያነሳቸው ሰው ስለሚያስፈልግ ረከቦቱን ለልጃቸው አስረክበው እሳቸው ሶፋ ላይ ሆነው ይጠጣሉ።

ይህ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። «እንቅስቃሴ ይሥሩ» ስል የቱን፣ ስንት ጊዜ፣ መቼ እንደሚጨምሩ አልነገርኳቸውም። እኔ የተውኩትን ክፍተት እሳቸው አገር በሚያውቀው ነገር ሞሉት፦ በላብ።

በዚህ ሙያ ከአሥር ዓመት በላይ ስሠራ ላብን ያህል የተሟገትኩት ነገር የለም። «ዶክተር፣ ላብ ላብ አላለኝም፤ አልሠራሁም ማለት ነው?» «ላብ በላብ ሆኛለሁ፤ ታዲያ ቦርጬ ለምን አይጠፋም?» እምነቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ጠጥቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ ተኝቶ፣ ላብ ሲያጠምቀው «አሁን ለቀቀው» እያልን ነው ያደግነው። ጥሮ ግሮ የሚያድር ሰውም «በላቡ የሚኖር» ይባላል። ክፉ ነገር በላብ እንደሚወጣ፣ ደግ ነገርም በላብ እንደሚገኝ ሁለቱንም ከእናታችን ጉያ ሰምተናል። ስብ የሚሉትን ክፉ ነገርም በዚያው በር ለማስወጣት ብንሞክር አይገርምም። መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ የሚለቀቁበት «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ያኔም ግን በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ ከላይ ጃኬት ጨምሮ የሚሮጥ ወጣት ሳይ አንጀቴ ይቃጠል ነበር።

ላብ ሰውነት ሲሞቀው ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ውሃ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ይሞቃል፤ ሙቀቱ በደም ወደ ቆዳ ይመጣል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። የሚያቀዘቅዘው እንግዲህ መትነኑ ነው። ላስቲክ የለበሰ ሰው ላቡ ስለማይተን አይቀዘቅዝም፤ ስለማይቀዘቅዝም ሰውነቱ ሌላ ላብ ይጨምራል። ቱታው ሲገለበጥ የሚንጠባጠበው ያ በከንቱ የፈሰሰ ውሃ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በግንቦት ጥላ ሥር ተቀምጦ ካርታ የሚጫወት ሰው በላብ ይጠመቃል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በኅዳር ማለዳ ብርድ ሙሉ ጀሪካን ይዞ አራት ፎቅ የወጣ ሰው ግንባሩ ወዛ ቢል ነው። የማንኛው ጡንቻ እንደሠራ መናገር አያስፈልገኝም።

ከስፖርት በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ የሚወጡም አሉ። «ዛሬ አንድ ኪሎ ቀነስኩ» ይሉኛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሲጠጡ ኪሎው ቦታው ተመለሰ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ የያዘ ነው፤ በአንድ ማለዳ የሚያልቅ ስንቅ አይደለም። ስብ ምጣድ ላይ እንዳለ ቅቤ ቀልጦ በቆዳ አይፈስም። ሲቃጠል ወዴት እንደሚሄድ ስነግራቸው ብዙዎቹ ይጠራጠሩኛል፤ የሚበዛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ነው የሚወጣው። 10 ኪሎ ስብ ቢቃጠል 8.4 ኪሎው በሳንባ ይወጣል፣ ቀሪው ውሃ ይሆናል።

ይህ የእውቀት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። አደጋ አለበት። ለግፊታቸው የሚያሸና ኪኒን፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ የሚወስዱ ሰዎች ቀድሞውኑ ከሰውነታቸው ውሃና ጨው ይቀንሳሉ። በዚያ ላይ መስኮት ተዘግቶ፣ ላስቲክ ተለብሶ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ «ውሃ ከጠጣሁ ላቤ ይመለሳል» ተብሎ ሲሠራ ከወንበር ብድግ ሲሉ ራስ ይዞራል፣ ዓይን ይጨልማል። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ራሱ ላብ ነው፤ ቀዝቃዛ ላብ። «ዛሬ ጥሩ ላበኝ» ብሎ የሚደሰት የስኳር ሕመምተኛ ምን እየሆነ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ላብ የሚያስረሳው ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። ይህን ብዙ ሰው ሰምቷል። ዝቅ ብሎ የተጻፈውን ግን የሚጠይቀኝ የለም፦ በሳምንት ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ሥራ። ጡንቻ የጎረምሳ ጌጥ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሴቶቹ «ወንድ ወንድ እንዳልመስል» ይሉኛል፤ በጀሪካን ውሃ ወንድ የመሰለች ሴት አላየሁም። ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ ከሚገባው ስኳር ብዙውን የሚቀበለውም ጡንቻ ነው፤ ሲሠራ ደግሞ ያለ ኢንሱሊን እርዳታ ጭምር ይወስዳል። ስኳር ያለበት ሰው ጭኑ ሲመነምን መጋዘኑ እየፈረሰ ነው።

አንድ ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው በላይ ሲጫንበት፣ ያንን ሲለምድ ደግሞ ትንሽ ሲጨመርበት ነው። ቶማስ ዴሎርም የሚባል አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1945 ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ደረጃ በደረጃ በሚጨመር ክብደት ማሠራቱን ሲጽፍ፣ የጊዜው ልማድ የተጎዳን ሰው ማሳረፍ ነበር። መጀመሪያ ከ7 እስከ 10 ዙር ያሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ሦስት ዙር፣ በእያንዳንዱ አሥር ጊዜ እንደሚበቃ አሳየ። ዛሬ በየጂሙ የሚነገረው «አሥር አሥሩን ሦስቴ» የመጣው ከዚያ የሕክምና ክፍል ነው። ቁጥሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ «ይጨመር» የሚለው ተረስቷል። ሰባት ወር ያለምንም ጭማሪ እጅን ማወናጨፍ እጅን ማወናጨፍ ብቻ ያስለምዳል።

ታዲያ ለመጨመር ጂም አያስፈልግም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሙሉ ጀሪካን የሌለው ቤት አላውቅም። ባዶ የዘይት ጀሪካን፣ አምስት ሊትር የሚይዘውን ውሰዱ። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ እየሰፈራችሁ ሙሉት፤ በጨመራችሁ ቁጥር ውሃው የደረሰበትን በማርከር አስምሩ። አሥር መስመር ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ መስመር ግማሽ ኪሎ ነው። የሱቅ ዳምቤል ከአንዱ መጠን ወደ ሌላው ሲዘል ሁለት ኪሎም ከዚያም በላይ ሊዘል ይችላል፤ የደከመ ትከሻ ያንን ዝላይ አይችልም። ጀሪካኑ ግን በአንድ መስመር ከፍ ይላል። በአንድ እጅ ወንበር ተደግፋችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ በሌላው እጅ ጀሪካኑን ወደ ጎድናችሁ ሳቡ። ስምንት ጊዜ ከከበዳችሁ መስመሩ ልክ ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ ሠርታችሁ ገና ሁለት የሚቀራችሁ ከመሰላችሁ በሚቀጥለው ቀን አንድ መስመር ጨምሩ። አምስቱ ሊትር ሲሞላና ሲቀል ደረቅ አሸዋ አድርጉበት፤ ያው ጀሪካን ስምንት ኪሎ ገደማ ይሆናል። መዝጊያውን አጥብቁት፤ እጀታው ላይ ጨርቅ ጠምጥሙ፣ ካልሆነ መዳፍ ይቆርጣል።

ለደረት ግድግዳ መግፋት አለ፤ ግድግዳው ሲቀል ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ሲቀል ወለል። ጎሚስታ ቤት የሚጣለው የብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ታጥቦ ሲደርቅ በውድ የሚሸጠውን የመለጠጫ ላስቲክ ይተካል። ሁሉም ተራ ነገር ነው። ተራ የማይሆነው ደብተሩ ነው፦ ቀን፣ መስመር፣ ስንት ጊዜ። ደብተር የሌለው ሰው ምን እንደጨመረ ስለማያውቅ ተመልሶ ላቡን መለካት ይጀምራል።

ለልብና ለሳንባው የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይበቃል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቆሞ ጉልበቱን ወገቡ ድረስ እያነሳ እዚያው ይርገጥ። ገመድ መዝለል ጥሩ ነው፤ ከሥር ጎረቤት ካለ ግን በግቢ ይሁን። በጉራጌ ሙዚቃ አሥር ደቂቃ የጨፈረ ሰው ደግሞ ከእኔ ምክር አይፈልግም። መለኪያው ትንፋሽ ነው፦ እየሠራችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ የሚባለው እሱ ነው። በአንድ ጊዜ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ካልሆነ አይቆጠርም የሚለው የድሮ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ቀርቷል፤ ውሃ ሲፈላ እየጠበቁ የረገጡት አራት ደቂቃም ይቆጠራል።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰሙነ ሕማማት ሰግደው ጉልበታቸው አብጦ የሚመጡ እናቶች «ስግደቱ ጎዳኝ» ሲሉኝ አልስማማም። ስግደት ለጭንና ለዳሌ ትልቅ ሥራ ነው። የሚጎዳው ዓመቱን ሙሉ ከሶፋ ያልወረደ ጉልበት በአንድ ሳምንት መቶ መቶውን ሲጠየቅ ነው። ከጥር ጀምሮ በቀን አምስት፣ ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ አሥር ቢባል ጉልበቱ ስቅለትን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አለኝ። መድኃኒት ስናዝዝ «ኪኒን ይውሰዱ» ብለን አንሸኝም፤ ስሙን፣ መጠኑን፣ በቀን ስንቴ እንደሆነ እንጽፋለን። «ስፖርት ይሥሩ» ግን በቃል ተናግረን በር እንከፍታለን። አንድ ወንበርና ሰዓት የሌለው የሕክምና ክፍል አለ? በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነሱ ቆጥሮ ካርድ ላይ መጻፍ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ከ60 እስከ 64 ዓመት ያለች ሴት ከ12 በታች ከሆነች ከአማካይ በታች ናት። ያ ቁጥር ካርዱ ላይ ቢኖር ኖሮ እኚህን እናት ያለ ጥቅም ሰባት ወር አላደክማቸውም ነበር።

ቱታውን ትተውልኝ ሄዱ። በምትኩ ወረቀት ሰጠኋቸው፦ ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ፤ ላዩ ላይ ጋቢ ስድስት እጥፍ ተደርጎ ይቀመጥ፤ ከዚያ ላይ እጅ ሳይደገፉ አምስት አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን፤ አምስቱ ስምንት ሲሆን አንድ እጥፍ ይቀነስ። ባለፈው ሳምንት ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ጋቢው ሁለት እጥፍ ቀርቶታል። በርጩማው ጋ ለመድረስ ገና ነን።