ከጣና መጻሕፍት የሚቀዳ ሙያ

በጣና ገዳማት ዕቃ ቤት የኖረ የብራና መጽሐፍ ሲገለጥ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ሥዕሉ ላይ ነው። የእጅ ሥራ ለመማር የሚሻ ሰው ግን ኅዳጉን ያስተውል። በወስፌ የተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በተርታ ይታዩታል። ቁም ጸሐፊው መስመሩን ያለ ቀለም የሚያሰምረው ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ነው።

ቅጠሉ ራሱም ያስተምራል። ብራናው አብዛኛውን ጊዜ የፍየል ቆዳ ነው፤ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ይደርቃል። ጠጉር የነበረበት ገጽ ጠቆር ይላል፣ የጠጉሩ ሥርም ነጠብጣብ ይቀርበታል። የሥጋው ወገን ይነጣል። ሲፋቅ የተቀደደው ቦታ በክር ተሰፍቶ ይገኛል፤ ጸሐፊውም ስፌቱን ዞሮ ይጽፋል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ጥራዙ ነው። ቆዳ ያልለበሰ መጽሐፍ ጀርባው ሲታይ ክሩ ከእንጨት ገበታው ተነሥቶ ከጥራዝ ወደ ጥራዝ እንደ ሰንሰለት ይያያዛል፤ ጀርባው ሙጫ አልነካውም። እንዲህ የተሰፋ መጽሐፍ ሲገለጥ ዝርግ ብሎ ይተኛል፣ ለመጻፍም ይመቻል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የዕለት ማስታወሻ ደብተር በእጃቸው የሚሰፉ ሰዎች ይህንኑ በኢትዮጵያ ስም ይማሩታል።

ማስታወሻ መያዝም ከዚሁ መጽሐፍ የሚገኝ ልማድ ነው። በባዶ ቅጠሎች ላይ ብዕር የተሞከረበት ጽሑፍ፣ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የገዳሙ ንብረት ዝርዝር ሰፍሯል። አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280 ዓ.ም. ገደማ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል እንዲህ ያለ መዝገብ ስለያዘ ታደሰ ታምራትን የመሰሉ የታሪክ ሊቃውንት ተጠቅመውበታል። ወንጌሉ የቤቱ የውሎ መዝገብም ነበር ማለት ነው።

ተመራማሪው ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጣናን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቷል፤ የመጀመሪያው ካታሎግ በ1973 ታተመ። ፊልም ጽሑፉን ያድናል። የክሩን መንገድና የብራናውን ሁለት ገጽ የሚያሳየው ግን መጽሐፉ ራሱ ነው።

ክብራንና ዳጋ ወደተባሉት የጣና ደሴት ገዳማት ሴቶች አይገቡም፤ በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው፣ መጻሕፍቱም በቤተ መዘክሩ ይታያሉ። የባሕር ዳር መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ወደዚያ ውሰዱ። ከዚያ ሲመለሱ ወረቀት፣ መርፌና ክር ስጧቸው፤ የመጀመሪያ ማስታወሻ ደብተራቸውን ራሳቸው ይስፉ።