አረማሞና ጉንጨ ቀይ ወፍ

ሸዋ በር እህል ተራ ገብታችሁ የማሽላን ጠላት ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚከሰሰው ወፍ ነው። አጥር ላይ ያረፈችው ሚጢጢ ሰማያዊ ወፍ እንኳ ከግሪሳ ጋር ትደመራለች። ግፍ ነው! ደረቷና ጅራቷ ሰማያዊ፣ ጀርባዋ ቡናማ ነው፤ ወንዱ ጉንጩ ላይ ደማቅ ቀይ ምልክት አለው። ክብደቷ 10 ግራም ገደማ ነው፤ መሬት ለመሬት እየዘለለች በአብዛኛው የሣር ፍሬ ትለቅማለች። በመንጋ ወርዶ ማሳ የሚያራቁተው ግሪሳ ሌላ ነው። የወፏ መዝገብ ይዘጋ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላው የማሽላ ጠላት፣ አረማሞ የሚባለው ፈንገስ ነው። ከተወቃው ማሽላ መሃል አንዳንዴ ግራጫ ሽፋን ያለው ፍሬ መሳይ ነገር ይገኛል። በጥፍር ሲጫኑት ይፈነዳል፤ ጣት ላይ ጥቁር ዱቄት ይቀራል። ዱቄቱ የፈንገሱ ዘር ነው። የበቆሎውን ዘመዱን ሜክሲኮዎች ዊትላኮቼ ብለው በደስታ ይበሉታል፤ የእኛው ግን የሚያስከፋ ነው።

ዛላው ላይ ስለሚታይ ገበሬዎች «ጭጋግ መታው» ይሉታል። በዚህ ያልተከራከርኩት ሰው የለም። ፍሬውን በከረጢት የሚተካው ይህ አረማሞ ዛላ ሲወጣ አይመጣም። ዱቄቱ የማሽላው ዘር ላይ ተጣብቆ ይከርማል፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ሲበቅል አብሮ ይበቅልና ቡቃያው ብቅ ሳይል ውስጡ ይገባል። ከዚያ ከተክሉ ማደጊያ ጫፍ ጋር እኩል እየወጣ ወራት ይሰነብታል። አገዳው ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይለመልማል፣ ባለቤቱም ይኩራራል። ፈንገሱ ተክሉን አይገድለውም፤ ፍሬ እስኪይዝ ይፈልገዋላ! ወፍ ፍሬ ለቅማ ትሄዳለች፤ አረማሞ የፍሬውን ቦታ ይወርሳል። ለወፍ ማማ ሠርተን ወንጭፍ እንወነጭፋለን፤ አረማሞን ግን ራሳችን ተሸክመን ጎተራ እናስገባዋለን።

ሽፋኑ በብዛት የሚፈነዳው ውቂያ ላይ ነው። የታመመውን ዛላ ከደህናው ቀላቅሎ የሚወቃ ሰው የከርሞውን በሽታ በገዛ እጁ ዘሩ ላይ ይቀባል። እባካችሁ፣ ዘር ማሳው ላይ እንደቆመ ከንጹሕ ዛላ ይመረጥ። ከመዝራት በፊት እንደ ታይራም ባለ የዘር መድኃኒት ይታሽ፤ በከብት ሽንት መንከርም በአገራችን የቆየ ዘዴ ነው። በመድኃኒት ታሽቶ የተረፈውን ዘር ግን ለዶሮ የምትበትኑ፣ ይባስ ብላችሁም አጥባችሁ ገበያ የምታወጡ ተዉ፤ መርዝ ነው።