ፋይሉ ባዶ የሚሆነው ገና ሲከፈት ነው

በፓይተን ፋይል ለመክፈት "ኦፕን" ለሚባለው ትእዛዝ የፋይሉን ስምና የአከፋፈቱን ዓይነት የሚናገር ፊደል እንሰጠዋለን። ፊደል ካልሰጠነው "አር"ን ይወስዳል፤ ይህ ማንበብ ብቻ ስለሆነ ፋይሉን አይነካውም።

መጠንቀቅ ያለብን "ደብልዩ" ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ የድሮው ጽሑፍ የሚጠፋው አዲሱ ሲጻፍበት ይመስለዋል። ፋይሉ ግን በ"ደብልዩ" እንደተከፈተ ወዲያው ባዶ ይሆናል፣ አንዲት ፊደል እንኳ ሳይጻፍበት። የተማሪዎች ውጤት ያለበትን ፋይል ከፍታችሁ በሚቀጥለው መስመር አማካይ ስታሰሉ ስሕተት ቢፈጠር፣ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ ፋይሉም ዜሮ ባይት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ስሌቱን ሁሉ አስቀድማችሁ ጨርሱ፤ የሚጻፈው ሲዘጋጅ ብቻ ክፈቱ።

"ኤ" ያለውን ሳይነካ መጨረሻው ላይ ይቀጥላል። "ኤክስ" ደግሞ በዚያ ስም ፋይል ካለ አልከፍትም ብሎ ስሕተት ያስነሳል። በ2012 እ.ኤ.አ. ከፓይተን 3.3 ጋር የመጣ ነው፤ በእኔ እምነት ማስተማሪያዎች ከሚሰጡት የበለጠ ቦታ ይገባዋል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ልዩ ትኩረት የሚሻው "አር ፕላስ" ነው። ፋይሉን ለማንበብም ለመጻፍም ይከፍታል፤ ባዶ አያደርገውም፤ ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ በነበረው ላይ ይጽፋል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ፋይሉ ውስጥ "አዲስ አበባ" ብቻ አለ እንበል፤ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 19 ባይት ነው። በ"አር ፕላስ" ከፍተን "ጎንደር" ብንጽፍ 12 ባይት ይሸፈናል። "አዲስ"ና ክፍት ቦታው 10ሩን ይወስዳሉ፤ የቀሩት 2 ባይቶች የሚያርፉት በ"አበባ" የመጀመሪያ ፊደል ላይ ነው። የዚያች "አ" ሦስተኛ ባይት ብቻዋን ትቀራለች፣ ከኋላዋም "በባ"። ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 መልሰን ስናነብ ፓይተን ያቺን ባይት መፍታት አልቻልኩም ብሎ ይቆማል። ከጻፍን በኋላ "ትራንኬት"ን ብንጠራ ግን ትርፉ ተቆርጦ "ጎንደር" ብቻ ይቀር ነበር።

ለማይተካ መረጃ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው፦ አዲሱን ይዘት እዚያው አቃፊ ውስጥ በጊዜያዊ ስም ጽፎ መዝጋት፣ ከዚያም በ"ኦኤስ" ሞጁል "ሪፕሌስ" በአሮጌው ፋይል ቦታ መተካት። ፕሮግራሙ በጽሕፈቱ መሐል ቢቋረጥ እንኳ አሮጌው ፋይል እንዳለ ይቆያል።